ዕውቀት ለቤተ ሰብ፦ ጨው ከምን ተሠራ? በቤታችንስ ምን ከምን ሲገናኝ ይለወጣል?

«ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለውን የአበው ምሳሌ የማያውቅ የለም። ምሳሌው ለሰው ምክር የተነገረ ቢሆንም፣ ስለ ጨው የሚናገረው ነገር እውነት ነው፤ ጨው በእርግጥ ድንጋይ ነው። በአፋር በረሓ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ከሚገኘው የጨው ሜዳ፣ ቈራጮች በመጥረቢያ እየፈለጡና በእንጨት እየፈነቀሉ ያወጡታል፤ በልኩ ጠርበውም በግመል እየጫኑ ወደ በርሃሌና ወደ መቀሌ ሲያወጡት ኖረዋል። በቀድሞው ዘመን አሞሌ ተብሎ በየገበያው እንደ ገንዘብ ሲመነዘር የነበረውም ይኸው ድንጋይ ነው።

ይህ ድንጋይ ከምን ከምን እንደ ተሠራ፣ እንደ እርሱ ያሉትም ነገሮች በየቤታችን ሲገናኙ እንዴት እንደሚለወጡ በዚህ ወር ዐምዳችን እንመለከታለን። ነገሩ የተማሪ ቤት ትምህርት ብቻ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ምን ከምን ጋር መገናኘት እንዳለበትና እንደሌለበት ማወቅ የቤተ ሰብን ጤና፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወትን ራሱን የሚጠብቅ ዕውቀት ነው።

የጨው ሁለቱ ወላጆች

የገበታ ጨው የሁለት ንጥረ ነገሮች ውሑድ ነው፤ አንደኛው ሶዲየም፣ ሁለተኛው ክሎሪን ይባላል። ከ100 ግራም ጨው ውስጥ 39 ግራም ያህሉ ሶዲየም፣ 61 ግራም ያህሉ ክሎሪን ነው።

ሶዲየም በቢላዋ የሚቈረጥ፣ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ለስላሳ ብረት ነው። ውሃ የነካው እንደ ሆነ ግን እየፈላ ይቀጣጠላል፤ አንዳንድ ጊዜም ይፈነዳል። ስለዚህ ሊቃውንት ውሃና አየር እንዳያገኘው በዘይት ውስጥ ነክረው ያኖሩታል። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1807 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ኀይል ለይቶ እስኪያወጣው ድረስ ሶዲየምን ለብቻው ያየ ሰው አልነበረም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ክሎሪን ደግሞ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት መልክ ያለው፣ የሚከረፋና የሚያንቅ መርዘኛ ጋዝ ነው። በስዊድን አገር የነበረው መድኀኒት ቀማሚ ካርል ሼሌ በ1774 ዓ.ም. ለይቶ አወጣው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915 ዓ.ም.፣ የጀርመን ጦር በቤልጅግ አገር በኢፕር ከተማ አጠገብ ይህንኑ ጋዝ በነፋስ ላይ ለቆ ብዙ ወታደሮችን ፈጅቶበታል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንዱ የሚቃጠል፣ ሌላው የሚገድል ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ በተዋሐዱ ጊዜ ልጅ የሚልሰው፣ ወጥ የሚጣፍጥበት፣ ሰውነታችንም ያለ እርሱ የማይኖር ጨው ተገኘ። ውሑድ የወላጆቹን ጠባይ አይወርስም፤ የራሱ የሆነ አዲስ ጠባይ ይኖረዋል። የኬሚስትሪ ትምህርት ዋና ነገር ይህ ነው።

የመስጠትና የመቀበል ነገር

ይህ መለወጥ የሚመጣው ከየት ነው? ማናቸውም ንጥረ ነገር አቶም ከሚባሉ፣ በዐይን ሊታዩ ከማይችሉ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። በአቶሙ ማእከል ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው እምብርት አለ፤ በእምብርቱም ዙሪያ ኔጋቲቭ ሙል ያላቸው ኤሌክትሮኖች በየደረጃቸው ይገኛሉ። የሶዲየም አቶም 11 ኤሌክትሮኖች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ አንዱ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ብቻውን ስለ ሆነ በቀላሉ ይለቀቃል። የክሎሪን አቶም 17 ኤሌክትሮኖች ሲኖሩት፣ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ያሉት 7 ናቸው፤ ደረጃው የሚጸናው 8 ሲሞላ ነውና አንድ ይጐድለዋል። ስለዚህ ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ሶዲየም ትርፉን ይሰጣል፤ ክሎሪን ጕድለቱን ይሞላል።

አንድ ኤሌክትሮን የሰጠው ሶዲየም ፖዘቲቭ፣ የተቀበለው ክሎሪን ኔጋቲቭ ይሆናል። እንዲህ ሰጥቶ ወይም ተቀብሎ የኤሌክትሪክ ሙል ያገኘ አቶም አዮን ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጕሙ «የሚሄድ» ማለት ነው፤ በዚህ ትምህርት ውስጥ ያስገባው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1834 ዓ.ም. ነው። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይሳሳባሉና አዮኖቹ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ በዚህ ስበት የተያያዘውን ነገር አዮናዊ ውሑድ እንለዋለን።

በጨው ፍሬ ውስጥ እያንዳንዱ የሶዲየም አዮን በ6 የክሎሪን አዮኖች ተከቦ ይገኛል፤ እያንዳንዱም የክሎሪን አዮን እንዲሁ በ6 የሶዲየም አዮኖች ተከቦ ይገኛል። ይህን ሥርዐት በ1913 ዓ.ም. በራጅ ጨረር መርምረው የገለጡት አባትና ልጅ የነበሩት ዊልያም ሄንሪ ብራግና ዊልያም ሎረንስ ብራግ ናቸው። የጨውን ፍሬ በማጉያ መነጽር ብታዩት አራት ማዕዘን ሆኖ የምታገኙት ከዚህ ሥርዐት የተነሣ ነው።

የጨው ጠባይ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። አዮኖቹ አጥብቀው ስለሚሳሳቡ ጨው እስከ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ካልጋለ አይቀልጥም፤ ስለዚህ በምጣድ ላይ ይግላል እንጂ እንደ ቅቤ አይቀልጥም። በመዶሻ ቢመታ ግን ይሰበራል፤ ረድፉ ሲንሸራተት ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩ ከኔጋቲቭ ጋር ፊት ለፊት ይገጥሙና ይገፋፋሉና። ውሃ ደግሞ አዮኖቹን አንድ በአንድ እየከበበ ይለያያቸዋል፤ መሟሟት ማለት ይህ ነው። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬንየስ በ1884 ዓ.ም. ጨው በውሃ ውስጥ ወደ አዮኖች እንደሚለያይ ባስተማረ ጊዜ መምህራኑ እምብዛም አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1903 ዓ.ም. ግን በዚሁ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ደረቅ ጨው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ በውሃ የሟሟ ጨው ግን አዮኖቹ ነጻ ሆነው ስለሚሄዱ ያስተላልፋል። ላባችን ጨው አለበት፤ የቧንቧም ሆነ የምንጭ ውሃ የተለያዩ አዮኖችን ይይዛል። በእርጥብ ወይም ባላበው እጅ የኤሌክትሪክ ምጣድንና ማብሪያን መንካት አደገኛ የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ ልጆችም ይህን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሊያውቁት ይገባል።

በጨው ውስጥ ያለው ሌላው ጨው

ዛሬ ከሱቅ የምንገዛው አዮዲን ያለበት ጨው ከሶዲየምና ከክሎሪን ሌላ ጥቂት ፖታሲየም አዮዴት ይጨመርበታል፤ ይህም ራሱ አዮናዊ ውሑድ ነው። በደጋ አገር ለብዙ ዘመን የሚወርደው ዝናብ አዮዲንን ከዐፈሩ እያጠበ ስለሚወስድ፣ በዚያ ዐፈር የሚበቅለው እህል አዮዲን ያንሰዋል። አዮዲን ያነሰው ሰው አንገቱ ላይ እንቅርት ይወጣበታል። ከእንቅርቱ የሚብሰው ግን በዐይን የማይታየው ጕዳት ነው፤ በእርግዝና ጊዜ እናት አዮዲን ቢጐድላት የሕፃኑ አእምሮ በሚገባ ሳያድግ ይቀራል።

ስዊስ በ1922 ዓ.ም. አዮዲን ያለበትን ጨው ለሕዝብዋ ማደል ከጀመሩት አገሮች አንዷ ናት። በኢትዮጵያ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስኪነሣ ድረስ ብዙው የገበታ ጨው ከቀይ ባሕር ዳር ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በአፋር ከአፍዴራ ሐይቅ መመረት ጀመረ፤ ይህም በመጀመሪያ አዮዲን አልነበረበትም። በ2011 ዓ.ም. ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በደንብ ታዘዘ። እንግዲህ እማ ወራ ጨው ስትገዛ አዮዲን ያለበት መሆኑን ከማሸጊያው ላይ ትመልከት። እርጥበትና ሙቀት አዮዲኑን ስለሚቀንሱት፣ ጨውን ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ከምድጃና ከፀሓይ አርቆ ማኖር ያስፈልጋል፤ በወጥም ላይ ወደ መጨረሻው መጨመር ይሻላል። ይህ ማለት ግን ጨው ማብዛት አይደለም፤ የዓለም የጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ያነሰ ይበቃል ይላል።

አምስቱ የለውጥ ዐይነቶች

ሊቃውንት ነገሮች ተገናኝተው ወደ ሌላ ነገር የሚለወጡበትን ሥራ ኬሚካዊ አጸግብሮት ብለው ይጠሩታል፤ ዋና ዋናዎቹንም በአምስት ይከፍሏቸዋል። አምስቱም በየቤታችን ይገኛሉ።

አንደኛው መዋሐድ ነው፤ ሁለት ነገሮች ተገናኝተው አንድ ይሆናሉ። ሶዲየምና ክሎሪን ጨው መሆናቸው ይህ ነው። ሚስማር እርጥብ ቦታ ላይ ሲዝግም ብረቱ ከአየር ኦክሲጅንና ከውሃ ጋር መዋሐዱ ነው። የብር መስቀል በአንገት ላይ ሲውል ሲያድር የሚጠቍረው ደግሞ ብሩ በአየርና በላብ ውስጥ ካለው የድኝ ዘር ጋር ስለሚዋሐድ ነው።

ሁለተኛው መፈታት ነው፤ አንዱ ነገር ወደ ሁለት ወይም ከዚያ ወደሚበልጡ ነገሮች ይለያያል። የኖራ ድንጋይ በእቶን ሲቃጠል ኖራ ይሆናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውም ጋዝ ይወጣል። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ቢቃጠል 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል፤ 44 ኪሎ ጋዝ ወደ አየር ይሄዳል። የጠፋ ነገር የለም፤ ቦታውን ለወጠ እንጂ። ፈረንሳዊው ላቮዋዚዬ በ1789 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ይህን ነው። ይህ ኖራ ውሃ ሲነካው በኀይል ይግላል፤ እንደገና መዋሐዱ ነውና። ግድግዳ ለመለሰን ኖራ የሚያጠፋ ሰው ዐይኑን መጠበቅ፣ ልጆችንም ማራቅ አለበት፤ ኖራ በዐይን ቢገባ ሊያሳውር ይችላል።

ሦስተኛው መተካት ነው፤ አንዱ ንጥረ ነገር ሌላውን ከቦታው አስለቅቆ በእርሱ ፈንታ ይገባል። የጠቈረውን የብር መስቀል በዚህ መንገድ ማጽዳት ይቻላል። በሳሕን ውስጥ የአልሙኒየም ወረቀት ይነጠፍና መስቀሉ ወረቀቱን እንዲነካ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከዚያም በአንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ተበጥብጦ ይፈስበታል። አልሙኒየሙ ድኙን ከብሩ ነጥቆ ለራሱ ይወስዳል፤ ብሩም በጥቂት ደቂቃ ወደ ነጭነቱ ይመለሳል። በመወልወል ብሩ ይፋቃል፤ በዚህ መንገድ ግን ብሩ ራሱ ሳይቀነስ በቦታው ይቀራል። ነገር ግን ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ጥንታዊ መስቀል፣ ፈርጥ ያለበት፣ ወይም ጥቍረቱ ለጌጥ ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ በዚህ አይነካ፤ ለዐዋቂ አንጥረኛ ይሰጥ።

አራተኛው መለዋወጥ ነው፤ ሁለት አዮናዊ ውሑዶች ተገናኝተው አዮኖቻቸውን ይቀያየራሉ። በድሬዳዋና የኖራ ድንጋይ በሚበዛባቸው ሌሎች አገሮች ሳሙና አረፋ አልሰጥ እያለ እማ ወራን ያስቸግራል። ሳሙና የሶዲየም ውሑድ ነው፤ በውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም የሶዲየምን ቦታ ይወስድና በውሃ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ሳሙናው ልብሱን ከማጽዳት ይልቅ በልብሱ ላይ የሚለጠፈው ከዚህ የተነሣ ነው። በዚህ ውሃ ልብስ ለማጠብ ከሳሙና ይልቅ የዱቄት ኦሞ የሚሻለው፣ ኦሞ ከካልሲየም ጋር እንዲህ ያለውን ዝቃጭ ስለማያበዛ ነው።

አምስተኛው መቃጠል ነው፤ አንድ ነገር ከኦክሲጅን ጋር ተገናኝቶ ሙቀትና ብርሃን ይሰጣል። ከሰል በቂ አየር ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አየር ሲያንሰው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም መልክም የለውም፤ ኦክሲጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ደማችንን ይይዛል። በክረምት ብርድ ምክንያት የቡና ከሰል በተዘጋ ክፍል አስቀርተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የሚቀሩት በዚህ ነው። ጭሱ አለቀ፣ ፍሙ ደመቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። ከመኝታ በፊት ምድጃው ከቤት መውጣት አለበት። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማስመለስ ከተሰማ ሳይዘገዩ ወደ ንጹሕ አየር መውጣትና ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

በረኪናና አሲድ

አሁን ወደ ክሎሪን እንመለስ። በየቤቱ ልብስ የሚነጣበትና ወለል የሚታጠብበት በረኪና ራሱ አዮናዊ ውሑድ ነው፤ ስሙም ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይባላል። በልኩ በውሃ ቀጥኖ ለብቻው ሲሠራበት ጠቃሚ ነው። ሽንት ቤት የሚታጠብበት አሲድ ደግሞ በብዙው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ቤት የሚያጸዳ ሰው «ሁለት ብርቱ ነገር ቢደባለቅ ይበልጥ ያነጣል» ብሎ ሁለቱን ያቀላቅላል። በዚያን ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፤ ጨውና ውሃ በሳሕኑ ይቀራሉ፤ ክሎሪን ግን ነጻ ወጥቶ ክፍሉን ይሞላል። በኢፕር ሜዳ የተለቀቀው ያው ጋዝ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይገኛል ማለት ነው።

ኮምጣጤም ሆነ ሎሚ አሲድ ነውና ከበረኪና ጋር አይደባለቅ። አሞኒያ ያለባቸው የመስተዋት ማጽጃዎች፣ የቈየ ሽንትም ቢሆን፣ ከበረኪና ጋር ሲገናኙ ክሎራሚን የተባለ ሌላ መርዘኛ ጋዝ ያወጣሉ። ክሎሪን ከአየር ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ በወለል ላይ የሚድኸውና ቁመቱ አጭር የሆነው ሕፃን ከዐዋቂው ይልቅ ይጐዳል።

እንዲህ ያለ አደጋ ቢደርስ ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፤ በሩ ክፍት ይተው። የፈሰሰውን ለማጥፋት ተመልሶ መግባት አይገባም። ዐይን የነካው እንደ ሆነ ለ15 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውሃ ያለ ማቋረጥ ይታጠብ። ሳል የያዘው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ልጅ በረኪና ጠጥቶ ቢገኝ፣ እንዲያስመልስ ማስገደድ ጕሮሮውን እንደገና ያቃጥለዋልና አይገባም፤ ጠርሙሱን ይዞ በፍጥነት ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ከሁሉ በፊት ግን በረኪናን በለስላሳ መጠጥ ወይም በውሃ ጠርሙስ ማኖርን ከቤታችን እናስወግድ፤ ሕፃን ጠርሙሱን ያውቃል እንጂ በውስጡ ያለውን አያውቅም። በረኪናና አሲድም በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ባይቀመጡ ይሻላል።

የቤት ሥራ ለወላጆችና ለልጆች

ልጆች ይህን ትምህርት በዐይናቸው እንዲያዩት፣ አንድ ማንኪያ ጨው በጥቂት የፈላ ውሃ አሟሙታችሁ በጥቍር ሳሕን ላይ በፀሓይ አስቀምጡላቸው። ውሃው ሲተን አዮኖቹ እንደገና ተሰልፈው አራት ማዕዘን ፍሬ ሲሆኑ ያያሉ። በዚያውም ጊዜ መሟሟትና መለወጥ አንድ አለመሆናቸውን ንገሯቸው፤ የሟሟው ጨው ያው ጨው ሆኖ ተመለሰ፤ የተቃጠለው ከሰል ግን ከሰል ሆኖ አይመለስም።

ከዚያም የቤቱን ዕቃ አብራችሁ ተመልከቱ፤ የጨውን ክዳን፣ የከሰሉን ምድጃ፣ የበረኪናውን ጠርሙስ ቦታ። ሁለቱ አደገኛ ነገሮች ተዋሕደው ማዕዳችንን እንዳጣፈጡ ሁሉ፣ ሁለት የማጽጃ ዕቃዎችም ያለ ዕውቀት ቢገናኙ ቤታችንን ሊያፈርሱ ይችላሉ። ምን ከምን ጋር እንደሚገናኝ መጠበቅ የአባ ወራና የእማ ወራ ሥራ ነው፤ ይህንንም ለቤት ሠራተኛና ለልጅ ሁሉ አስቀድሞ ማስተማር ያስፈልጋል።